የፊታውራሪ ብርቱካን

የእጅ ጽሑፌ ባያምር ኖሮ እትዬ ዲንቄ እስከ ዕለተ ሞታቸው ከብርቱካናቸው ጥላ ሥር ይቀመጡ ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ሰው በመጠጥ ይጠፋል፣ በሙግት ይጠፋል፣ በምቀኛ ይጠፋል፤ እኔ ግን ሌላ ሰው ያጠፋሁት በፊደል ነው። ፊደሌ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ያምራል። ጎሬ ቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ የኔታ «የዚህን ልጅ እጁን እግዜር ባርኮታል፤ ራሱን ግን እንጃ» ብለው ነበር። የነገሩን ፊተኛ ግማሽ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስናገር ኖርኩ። ኋለኛውን ግማሽ ያስታወስኩት ዘግይቼ ነው።

ጣሊያን ከወጣ ከዓመታት በኋላ መቱ ከተማ ዳር አንድ የአትክልት ምርምር ጣቢያ ተከፈተ። ጣቢያ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ የችግኝ ዳስ፣ ቁልቁል የሚወርድ መሬት፤ በቃ። ሥራው በኛ ዝናብና በኛ አፈር የትኛው ፍራፍሬ፣ የትኛው ጎመን፣ የትኛው አበባ እንደሚስማማ መርምሮ የተሻለውን ለገበሬው ማከፋፈል ነበር። ኃላፊው አቶ ደምሰው ይባላሉ። ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ከሰው ጋር ከሚያወሩ ከቅጠል ጋር ቢያወሩ የሚቀልላቸው ሰው ናቸው። እኔ መዝገብ ያዥ ሆኜ ተቀጠርኩ። የያንዳንዱን ተክል ቁመት፣ የቅጠሉን ጤንነት፣ የፍሬውን ክብደት እየጻፍኩ እይዛለሁ። በየመደቡ ራስ ላይ የሚተከለውን የእንጨት ታፔላም በጥቁር ቀለም የምጽፈው እኔ ነኝ።

የመቱ ሰው መጀመሪያ ሳቀብን። ጎመን ደግሞ ምኑ ይመረመራል ተባለ። አባቶቻችን «ጎመን በጤና» ብለው ምርመራውን ጨርሰውታል፤ መንግሥት ከዚህ በላይ ምን ሊጨምርበት ነው? ገበያ በወጣሁ ቁጥር ካሮቱ ፈተናውን አለፈ ወይ ብሎ የማይጠይቀኝ አልነበረም። እኔም ደንበኛ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝና ኮስተር ብዬ ውጤቱ ገና አልወጣም እል ነበር።

ዋናው ነገር ብርቱካኑ ነው። የኢሉባቦርን ዝናብ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ሲጀምር እንጂ ሲያቆም ያየው የለም። በሌላ አገር አምሮ የሚያፈራ ብርቱካን እኛ ዘንድ ሲመጣ ይጎመዝዛል፤ ግማሹም ሳይበስል ይረግፋል። ስለዚህ አቶ ደምሰው ሦስት ዓይነት ጎን ለጎን ተክለው ሊያወዳድሩ አሰቡ። ሁለቱ ከባሕር ማዶ መጥተው ጎሬ ላይ ከአውሮፕላን የወረዱ ናቸው። ሦስተኛው የእትዬ ዲንቄ ነው።

እትዬ ዲንቄ ወደ ሶር ወንዝ በሚወርደው መንገድ፣ ከከተማው የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቀው የሚኖሩ መበለት ናቸው። ልጅ የላቸውም። ያላቸው አንድ የብርቱካን ዛፍ ነው። ባላቸው በተጋቡበት ዓመት ጎሬ ከአንድ ግሪክ ነጋዴ ጓሮ ችግኙን ለምነው አምጥተው ደጃቸው ላይ ተከሉት። ባላቸው ሞቱ፣ ዛፉ ቀረ። ፍሬው ለዓይን አይሞላም። ልጣጩ በስሎም አረንጓዴ ስለሆነ የማያውቅ ሰው ጥሬ ነው ብሎ ያልፈዋል። ሲቆርጡት ግን ማር ነው፤ ዝናብ ቢወርድበትም አይረግፍም። በዚያ አካባቢ የታመመ፣ የወለደች አራስ፣ እህል አልወርድለት ያለ ሽማግሌ ከዚያ ዛፍ ያልቀመሰ የለም። ፍሬውን የሚቆርጡት ራሳቸው እትዬ ዲንቄ ናቸው፤ ሌላ እጅ አያስነኩም።

ቀንበጥ ልንለምን ስንሄድ አቶ ደምሰው ስለ ሳይንስ ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። እትዬ ዲንቄ በትዕግሥት ሰምተው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው በኦሮምኛ፣ ይሄ ልጅ ቸገረው እንዴ፣ ምን ፈልጎ ነው አሉኝ። ከዛፉ ጥቂት ቀንበጥ ወስደን በሌላ ግንድ ላይ እንደምንቀጥል፣ እናት ዛፏ እንደማትጎዳ፣ ልጆቿ ግን እንደሚበዙ አስረዳኋቸው። «ልጆቿ» የሚለውን ሲሰሙ ቀና ብለው ዛፉን አዩ።

«እሺ ኢልመ ኮ፣ ውሰዱ» አሉ በኋላ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እኔ ስሜን የሚያስጠራ አልወለድኩም። እዚያ ስትተክሉት ስሜን ጻፉበት። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

አቶ ደምሰው አልወደዱትም። ተክል የሚመዘገበው በቁጥር ነው፤ ስም ከገባ አድልዎ ይገባል አሉ። እንዲህ ያለ ትንቢት ተናግረው እንደነበር እሳቸውም በጊዜው አላወቁም። ግን ሴትዮዋን ማስቀየም አቃታቸውና ከ«ቁጥር ፫» ሥር ስማቸው እንዲጻፍ ፈቀዱ።

እትዬ ዲንቄ ፊደል አልቆጠሩም። ስሜ ሲጻፍ ምን ይመስላል ስላሉኝ መሬት ላይ በእንጨት ጻፍኩላቸው። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ተከተሉት። በሌላ ቀን ስሄድ የደጃቸው መቃን ላይ በከሰል ሦስት ፊደል ተጽፎ አገኘሁ። «ቄ»ዋ ትንሽ ታነክሳለች እንጂ የኔው እጅ ነበረች። ከዚያ በፊት ለማንም ምንም አስተምሬ አላውቅም ነበርና ደስ አለኝ።

አሁን ፊታውራሪን ላምጣላችሁ። የአውራጃው ገዥ ነበሩ። ሙት ወቃሽ እንዳልሆን ስማቸውን አልጠራም። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑማ እኔም ሰበብ አገኝ ነበር። ተክሉ ከተተከለ ሁለት ዓመት ሲሆነው ጣቢያውን ሊጎበኙ መጡ። ታፔላውን እያነበቡ ሄዱ፤ ቁጥር አንድ፣ ቁጥር ሁለት። ሦስተኛው ላይ ቆሙ።

«ዲንቄ ማን ናት?»

አቶ ደምሰው መልሱን ነገሯቸው። ፊታውራሪ ታፔላውን ደግመው አነበቡና አንድ ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በመንግሥት መሬት ላይ የመበለት ስም ተጽፎ የገዥው ስም የለም አላሉም። ጉሮሯቸውን ብቻ ነው የጠረጉት። እዚያ ከቆምነው ሰዎች መካከል ያ ጉሮሮ ምን እንዳለ ያልገባው አቶ ደምሰው ብቻ ነበሩ፤ ውጭ አገር ብዙ ቆይተዋል።

«የክቡርነትዎ ታፔላ ቀለሙ እስኪደርቅ ነው» አልኩ እኔ።

ማንም አልጠየቀኝም። ማንም አላስገደደኝም። እስከ ዛሬ አንዳንድ ጊዜ ምሳ እየበላሁ ይቺ ዓረፍተ ነገር ትዝ ትለኝና እጄን እሰበስባለሁ።

ፊታውራሪ ፈገግ አሉ። የትኛው ነው የኔ ሲሉኝ ዙሪያውን አየሁና ቁጥር ሁለትን አሳየኋቸው። በዚያን ጊዜ ከሁሉ የረዘመው፣ ቅጠሉ የሚያብረቀርቀው እሱ ነበር። የእትዬ ዲንቄ አጠር ያለ ቁጥቋጦ ነገር ነው። በማግስቱ «ፊታውራሪ» ብዬ ጻፍኩ። የአባታቸው ስም ከእንጨቱ ላይ አልገባ ስላለኝ ማዕረጉ ብቻ ቀረ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ግን ወሬ ከተማ ገባ። የፖሊሱ ሻምበል በሰላምታ አስመስለው መጡና እግረ መንገዳቸውን የኛስ ነገር አሉ። ጥቅል ጎመኑን በስማቸው ጻፍኩላቸው። ዳኛው ሰምተው ካሮቱን ወሰዱ። የፊታውራሪ ባለቤት የቀይ ጽጌረዳውን መደብ ያዙ። ያለ ስም የቀረ ድንች ብቻ ነበር፤ ድንች የሚፈልግ አልተገኘም።

አቶ ደምሰው በቁጥር የሚጻፍ መዝገብ አላቸው፤ እሱ አልተነካም። መከራው የመጣው ወር በወር ለአውራጃው ጽሕፈት ቤት በሚቀርበው ሪፖርት ላይ ነው። ጽሕፈት ቤቱ በቁጥር አንቀበልም፣ በስም ጻፉልን አለ። እስቲ እናንተ ጻፉት። ጎመኑ አልጠቀለለም። «ሻምበል ዘንድሮም አልጠቀለሉም» ብዬ ልጻፍ? ካሮቱ ከመሬት ሲወጣ ሁለት እግር አብቅሎ ተገኘ። «ዳኛው ሁለት ቦታ ተሰንጥቀዋል» ብል በማግስቱ የት ነው የማድረው? ስለዚህ ሻምበል በመጠቅለል ላይ እንደሚገኙ፣ ዳኛውም ከተጠበቀው በላይ መስፋፋታቸውን ጻፍኩ። ሦስት ገጽ ሙሉ ባማረ ጽሑፍ አንድም እውነት አልነበረበትም። ጽሕፈት ቤቱ ግን አመሰገነን።

በአራተኛው ዓመት ብርቱካኖቹ አፈሩ። ቁጥር አንድ እንደተፈራው ረገፈ፤ ማንም አላዘነለትም፣ ስም የለውማ። የእትዬ ዲንቄ ቁጥቋጦ አረንጓዴ ፍሬውን ተሸክሞ ክረምቱን አለፈ። አቶ ደምሰው አንዱን ቆርጠው ቀመሱና ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ይህ ዓይነት በመላው ጠቅላይ ግዛቱ ይተከላል አሉኝ። ፊታውራሪስ አልኳቸው። የፊታውራሪ ግንድ ከሥሩ ተሰንጥቆ ሙጫ ያነባል፤ ፍሬው ጥርስ ያደነዝዛል። አቶ ደምሰው በመዝገቡ ላይ በቁጥር ጻፉት፤ ቁጥር ሁለት፣ የታመመ፣ የማይረባ።

ከዚያ ለስብሰባ አዲስ አበባ ተጠሩ። ሲሄዱ መዝገቡን ጠብቅልኝ አሉኝ። እሳቸው በሄዱ በሳምንቱ ቴሌግራም መጣ፤ ኢንስፔክተር ከሚኒስቴር ይመጣሉ፣ ቅዳሜ ከፊታውራሪ ጋር ሆነው ፍሬዎቹን ይቀምሳሉ።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ አሰብኩ። ፊታውራሪ በሰው ፊት በስማቸው የተጠራውን ብርቱካን ጎርሰው ፊታቸው ሲጨማደድ ታየኝ። ቀጥሎም ወደ እኔ ዞረው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለቱን ታፔላ ነቅዬ ቦታቸውን አለዋወጥኩ። ሥራው ከማስነጠስ የበለጠ ጊዜ አልወሰደም። የጣቢያው አትክልተኛ ኦቦ ገለታ መኮትኮቻቸውን ተደግፈው ያዩኛል።

«ዛፉ ማንበብ አይችልም» አሉኝ።

ለአንድ ቀን ብቻ ነው፣ ሰኞ እመልሰዋለሁ አልኳቸው። ኦቦ ገለታ መኮትኮቻቸውን አንሥተው ወደ ድንቹ ሄዱ።

ቅዳሜ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ዘረጋሁ። ፊታውራሪ ከ«ፊታውራሪ» ቀመሱ። ቀና ብለው ኢንስፔክተሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ደግመው ቀመሱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔ በዚህ አገር ስንት ዓመት ስገዛ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም አሉ። ቀጥሎ ከ«ዲንቄ» ቀመሱና በመሐረባቸው ተፉት። ኢንስፔክተሩ ወጣት ነው፣ ሥራውን ያውቃል። ተነሥቶ ሄዶ ግንዱን አየ፤ ሙጫውን በቢላ ነካ አደረገው።

ይህ ተላላፊ ነው አለ። ዛፉ ዛሬውኑ ይነቀል፣ ቀንበጡ የተወሰደበት እናት ዛፍም ይቆረጥ፤ እሱ ካለ የፊታውራሪን መልካም ብርቱካን ይበክላል። እናት ዛፏ ጤነኛ ናት፣ እኔ አይቻታለሁ አልኩ። በሽታው በእናቲቱ ላይ ተደብቆ ይኖራል፣ ቀንበጡ ከሷ መወሰዱ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፣ ይበቃል አለኝ። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በዚህ ጊዜ እውነቱን ልናገር ነበር። በእግዜር ስም እምላችኋለሁ፣ አፌን ከፍቼ ነበር። «ክቡርነትዎ፣ አንድ ነገር...» ስል ፊታውራሪ ከጣፋጩ ብርቱካን አንድ ቅንጣት አንሥተው አጎረሱኝ። በእጃቸው፣ በሰው ሁሉ ፊት። የለፋህበት ነው፣ ቅመስ አሉኝ። ገዥ ያጎረሰውን ማን ይተፋል? አላመጥኩ። የእትዬ ዲንቄ ብርቱካን ነበር፣ ማር ነበር። ውጬ እስክጨርስ ፊታውራሪ ወደ ላንድሮቨራቸው እየሄዱ ነበር፤ ሁለት ቅርጫት ወደ ጎሬ ለበላዮቻቸው እጅ መንሻ አስጭነዋል። ከዚያ በኋላ ሰኞ የሚባል ቀን አልመጣም።

የማስቆረጫውን ደብዳቤ ማን ይጻፈው ሲባል ሁሉም ወደ እኔ አዩ። በዚያም ላይ ተንኮል አሰብኩ። ነገሩን እጅግ ባማረ፣ እጅግ በተወሳሰበ አማርኛ ጻፍኩት፤ ማንም ሰው አንብቦ ምን ይደረግ እንደተባለ እንዳይገባው ብዬ። ኢንስፔክተሩ አነበበው፣ ጽሑፉን አደነቀ፤ ከሥሩም በራሱ ብዕር «ይቆረጥ» ብሎ ጨመረበት።

ኦቦ ገለታ መጥረቢያ ይዘው፣ አንድ ፖሊስ ጠመንጃ ይዞ፣ እኔ ደብዳቤ ይዤ ወደ ሶር መንገድ ወረድን። እትዬ ዲንቄ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ደብዳቤው ለባለቤቱ በእጅ ይሰጥ ይላል ሕጉ። ሰጠኋቸው። እንዝርታቸውን አስቀምጠው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው ፈለጉ። ጣታቸው መካከል ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይሄ ስሜ ነው» አሉ። «ዲ፣ ን፣ ቄ። መንግሥት ጻፈልኝ?»

መልሴንም አልጠበቁም። ገለቶሚ ልጄ፣ ተባረክ፣ ቃልህን ጠበቅክ እያሉ ተነሡና ከዛፉ ሦስት ፍሬ ቆርጠው ለሦስታችን አደሉን። ኦቦ ገለታ መጥረቢያውን ከጀርባቸው ደበቁ፤ በሌላ እጃቸው ብርቱካኑን ተቀበሉ። የነገራቸው ፖሊሱ ነው። በኦሮምኛ፣ ባጭሩ፣ መሬት መሬት እያየ። እኔ ያን ሁሉ ያማረ አማርኛ ጽፌ እሱ በአራት ቃል ጨረሰው።

እትዬ ዲንቄ አልጮኹም። ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ፤ እንዝርታቸውን አንሥተው ገብተው በሩን ዘጉ። የከሰሉ ጽሑፍ መቃኑ ላይ ፊት ለፊቴ ቀረ። ኦቦ ገለታ መጥረቢያውን እስኪያነሡ ብዙ ቆዩ። ዛፉ ጠንካራ ነበር፤ እስከ ቀትር ፈጀ። ግንዱ ውስጡ ነጭ፣ ንጹሕ ነበር።

አቶ ደምሰው ሲመለሱ መዝገቡን ከሜዳው ጋር አስተያዩ። ቁጥር ሁለት ከነሥሩ ተነቅሎ የለም። ቁጥር ሦስት ላይ «ፊታውራሪ» ተጽፏል። ጠሩኝ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም፤ ሴትዮዋ የት አሉ ብለው ጠየቁኝ። ሊያስተካክሉት ሞከሩ፣ ጻፉ፣ አመለከቱ። ግን የፊታውራሪ ብርቱካን ጎሬ ተመስግኖ፣ ቀንበጡ ለየባለሥልጣኑ ግቢ ታድሎ አልቋል። ሰማይ አይታረስ፣ ገዥም ጎመዘዘ አይባል። ዛሬም መቱ ገበያ ብትወጡ ያ አረንጓዴ ልጣጭ «ፊታውራሪ» ይባላል። የሚጎመዝዝ ሲገኝ ደግሞ የገበያው ሰው ፊቱን ጨምድዶ «ዲንቄ ነው» ይላል። ይህንንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

በዓመቱ ከቁጥር ሦስት የተቀጠለ አንድ ጥሩ ችግኝ መርጬ ወደ ሶር መንገድ ወረድኩ። ታፔላ ሠርቼለታለሁ። ሦስት ቀን ነው የፈጀብኝ፤ እንጨቱን ላግሁት፣ ሐረግ ሳልኩበት፣ መካከሉ ላይ «ዲንቄ» ብዬ ጻፍኩ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ጽፌ አላውቅም። ጉቶው አጠገብ ቆሜ የሆነውን ሁሉ አንድ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ታፔላውን፣ ጉሮሮውን፣ ጉርሻውን። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

ከዚያ ችግኙን ከእጄ ተቀበሉ። ቅጠሉን ገለበጥ አድርገው አዩት፤ አወቁት። ታፔላውን ግን መዝዘው ወደ እኔ ዘረጉት።

«እሱን አሳድገዋለሁ፤ የባሌ ነው» አሉ። «ስሜን ግን ካሁን ወዲያ አትጻፈው።»

ስወጣ መቃኑን አየሁት። ተፍቆ ነጥቷል። ችግኙ ጥላ ሳይሆንላቸው ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ።

ታፔላው እኔ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከሁሉ በፊት እሱን ያያል። ማን እንደጻፈው ይጠይቀኛል፤ እኔ ነኝ እላለሁ። እንዴት ያለ የተባረከ እጅ ነው ይለኛል።